ደመወዝ የሌለው ሊቀመንበር

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ በፈቃደኞች ጉልበት ብቻ የቆመ የሙያ ማኅበር እንዴት ይመራል? የፖሊመር (እንደ ፕላስቲክና ጎማ ያሉ፣ ከረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት የተሠሩ ቁሶች) ተመራማሪዎችና መሐንዲሶች ማኅበር ውስጥ ሦስት ዓመት ጸሐፊ፣ ስድስት ዓመት ደግሞ ሊቀመንበር ሆኜ ስላለፍኩበት ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ለሚቀጥለው እትም አቆይቼዋለሁ። የቀሩት አንባቢዎች ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የፖሊመር ባለሙያዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኜ ከተመረጥኩ አራት ወሬ ነው። «ተመረጥኩ» ስል እንኳ አፍራለሁ፤ ሌላው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እኔ ቀና ብዬ ተገኘሁ እንጂ። በመዝገብ 140 አባላት አሉን። ስብሰባ ስጠራ የሚመጡት 14 ናቸው፤ ያውም ሁልጊዜ እነዚያው። ከሰባቱ ሥራ አስፈጻሚዎች የሚሠሩት ሦስት ናቸው። የማኅበሩን የዜና መጽሔት «እኔ አዘጋጃለሁ» ብሎ የወሰደው ሰው ከጠፋ ሦስት ወሩ፤ ስደውል አያነሳም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የዩኒቨርሲቲና የፋብሪካ ሰዎች ነገር ነው። አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው ስልኩን ይነካካል። ልቆጣ እንዳልል ደመወዝ አልከፍላቸው፤ ዝም እንዳልል ሥራው ቆሟል። ምን ይሻለኛል?
*ግራ የገባው ሊቀመንበር*

መልስ፦ አስቀድሜ የራሴን ጉድ ላውራልዎት። ሊቀመንበር በሆንኩ ዕለት ባደረግኩት ንግግር «እያንዳንዳችን ሞኖመር ነን፤ ስንያያዝ ግን ፖሊመር እንሆናለን» አልኩ፤ ሞኖመር የሰንሰለቱ አንዷ ቀለበት መሆኗ ነው። እሱ አልበቃ ብሎኝ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን ጨመርኩበት። አዳራሹ አጨበጨበ። ወዲያው ለስምንት ሥራ ፈቃደኛ ስጠይቅ እጁን ያወጣው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ለመጠየቅ። የቀድሞ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ «እንዴት ነሽ ሞኖመር?» ይሉኛል።

ሁለተኛው ስህተቴ ከበድ ይላል። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የፕላስቲክ ፊልም በሚያመርት መስመር ላይ ፈረቃ መርቻለሁ። ኤክስትሩደር፣ ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚገፋው ማሽን፣ ሲቆም ሰው አይለመንም፤ ይታዘዛል። ያንኑ ምላስ ይዤ ማኅበሩ ውስጥ ገባሁ። ለገንዘብ ያዣችን «የሩብ ዓመቱ ሂሳብ እስከ ዓርብ ጠረጴዛዬ ላይ ይድረስ» ብዬ ጻፍኩለት። ጠረጴዛ እንኳ አልነበረኝም! ዓርብ ዕለት አንድ የታሸገ ፖስታ ደረሰኝ። ውስጡ የባንክ ደብተሩ፣ የደረሰኝ ጥራዙና የካዝናው ቁልፍ አሉ፤ ሂሳቡም በሚያምር የእጅ ጽሕፈት እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተሠርቷል። የስንብት ደብዳቤ የለበትም፤ ቁልፉን ሳይ ግን ገባኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄጃለሁ። ሥራውን ተመልሶ የያዘው በሁለተኛው ነው።

ይህን የምነግርዎ «ዝም አልልም» ወደሚለው እንዳያዘነብሉ ብዬ ነው። ፈቃደኛ ሰው ሲከፋው አይከራከርዎትም። ስልክ አያነሳም፣ በቃ።

የመጽሔቱን ሰው ግን ስለናቀዎ አይደለም የጠፋው ባይ ነኝ። አፍሮ ነው። በመጀመሪያው ወር ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ በሁለተኛው ምን ብሎ እንደሚጀምር ጨነቀው፤ በሦስተኛው ስምዎን ስልኩ ላይ ሲያይ ሆዱ ይንቦጫቦጫል። ስለዚህ «የት ደረሰ?» አይበሉት። መደወሉንም ይተዉትና ይጻፉለት። እኔ ለአንዱ የላክሁት መልእክት ይህን የመሰለ ነበር፦ «መጽሔቱን ለአንድ ሰው ማሸከሜ የእኔ ጥፋት ነው። ግማሽም ቢሆን ባለበት ላክልኝ። ከፈለግህ ከአንድ ሰው ጋር ሆነህ ትጨርሰዋለህ፤ ካልተመቸህ ደግሞ ሌላ ሰው ይረከብሃል። እኔና አንተ ያው እንደነበርን ነን።» ሳይመሽ አሥራ ሁለት ገጽ መጣልኝ። ለካስ ሰውየው ሁሉን ጨርሷል፤ የጎደለችው የእኔው «የሊቀመንበር መልእክት» ነበረች! እሱ እኔን ለማስታወስ አፍሮ፣ እኔ እሱን ላለማስቀየም ፈርቼ ሁለት ወር ተጠባበቅን። እርስዎም እስኪ ደብዳቤ ሳጥንዎን አንድ ጊዜ ይፈትሹ።

ከዚያ ወዲህ «ኮሚቴ» ለሚባል ነገር ሥራ ሰጥቼ አላውቅም። የምሰጠው ስም ላለው ሰው ነው፤ መጠኑም በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የሚያልቅ። «የአባላት ጉዳይ ኃላፊ ሁንልኝ» ያልኩት ሰው ይሸሻል። «አምና መዋጮ ካቋረጡት መካከል ለእነዚህ ስድስት ሰዎች ደውለህ ምን እንዳስኮረፋቸው ጠይቅልኝ» ያልኩት ግን ለስምንት ደውሎ ይመጣል።

አሁን የዩኒቨርሲቲና የፋብሪካ ነገር። እነዚህን ሰዎች ለማዋደድ ብዬ የፈጀሁትን ጊዜ ባሰብኩት ቁጥር ይቆጨኛል። መዋደድ ግዴታ አይደለም። ካርል ዚግለር ኬሚስት ነበር፤ ጁሊዮ ናታ የተመረቀው በኬሚካል ምህንድስና ነው። ናታ የዚግለርን ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን ነገር) ፕሮፒሊን በሚባል ጋዝ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1954 ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ፕላስቲክ ሲሠራ በፓተንት ጉዳይ ተኳረፉ። የ1963ቱን የኖቤል ሽልማት የወሰዱት ግን በጋራ ነው፤ ካታሊስቱም ይኸው እስከ ዛሬ ዚግለር-ናታ እየተባለ በሁለቱም ስም ይጠራል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ሽምግልና ሳይሆን በመካከላቸው አንድ ዕቃ ማስቀመጥ ነው።

«ዕቃ» ስል የምሬን ነው። በሁለተኛው ዓመቴ የወር ስብሰባችንን ትምህርታዊ ገለጻ አንሥቼ «የተበላሸ ይዛችሁ ኑ» የሚል ምሽት አደረግኩት። ደንቡ አንድ ነው፤ ስላይድ የለም፣ የተበላሸ ዕቃ በእጅ ይዞ መምጣት ብቻ። በመጀመሪያው ምሽት አሥራ አንድ ሰው መጣ። አንድ የኢንጀክሽን ማሽን (የቀለጠ ፕላስቲክ ወደ ሻጋታ የሚያስገባ ማሽን) መሐንዲስ ከኪሱ ግልጽ የፖሊካርቦኔት ክዳን አወጣ። ፊቱ ላይ ከፕላስቲኩ መግቢያ ጀምሮ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ብርማ ጭረት አለበት። በሁለት ጣቱ ጫን ሲለው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ፖሊካርቦኔት እኮ በመዶሻ ቢመቱት የሚችል ፕላስቲክ ነው! አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ስልክ የሚነካካም ጠፋ።

ሦስት መሐንዲሶች በአንድ ጊዜ ተነሡ። የሻጋታው ሙቀት ነው፤ የለም፣ ፕላስቲኩ ወደ ሻጋታው የሚገባበት ፍጥነት ነው፤ የለም፣ የጥሬ ዕቃው ጥራት ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች፣ በስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቅ ተመራማሪ ቀስ ብላ «ስንት ሰዓት አደረቃችሁት?» አለች። «በ120 ዲግሪ፣ አራት ሰዓት» አለ መሐንዲሱ፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ። እንክብሉ፣ ማለትም የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ፍሬ፣ ከ0.02 በመቶ በላይ እርጥበት ከያዘ፣ በቀለጠበት ሙቀት ላይ ውኃው ሰንሰለቱን እየበጠሰ እንደሚያሳጥረውና ዕቃውም ለዚህ እንደሚሰባበር አስረዳች። ጭረቱም የዚያው የእንፋሎቱ ዱካ ነው። መሐንዲሱ አሁንም «ደርቋል አልኩሽ» ይላል። በዚህ መሐል ከኋላ ወንበር የተቀመጠ፣ መሐንዲሱ ይዞት የመጣው የማሽን ቴክኒሻን እጁን አነሣ። «ማድረቂያው ደህና ነው» አለ፤ «ከማሽኑ በላይ ያለው የእንክብል ማጠራቀሚያ፣ ሆፐሩ፣ ግን ክዳኑ ከጠፋ ሰነበተ።»

እንክብሉ ደርቆ ወጥቶ ሆፐሩ ውስጥ ተከፍቶ ሲቆይ ከአየሩ መልሶ እርጥበት እየጠጣ ነበር።

ተመራማሪዋ ሁለቱን፣ ያልተነካውን እንክብልና የተሰበረውን ክዳን፣ በላስቲክ ቋጥራ ወሰደች። በሚቀጥለው ወር የሜልት ፍሎው ልኬታቸውን፣ ማለትም ሲቀልጡ ምን ያህል እንደሚፈስሱ፣ ይዛ መጣች። ክዳኑ ከእንክብሉ ከእጥፍ በላይ ይፈስሳል፤ ሰንሰለቱ አጥሯል ማለት ነው። በዚያ ምሽት 31 ሰው ነበር። መሐንዲሱ አዲስ የፖሊካርቦኔት ክዳን ይዞ መጥቶ ወለሉ ላይ በጫማው ረገጠው። አልተሰበረም። እኔ በስድስት ዓመት ካደረግኳቸው ንግግሮች ሁሉ ያ እርግጫ የበለጠ አባል አምጥቶልኛል።

ስለ 140ና 14 ብዙ አልልም። 140ውን ይርሷቸውና የ14ቱን ስም በወረቀት ይጻፉ። ከየስማቸው ጎን ምን ፈልገው እንደሚመጡ ይጻፉ። ሥራ ፈላጊ አለ፣ ተማሪ ፈላጊ አለ፣ የሚያዋራው ሰው የናፈቀው ጡረተኛ አለ። ከ14ቱ መካከል የሦስቱን ሰዎች መልስ የማያውቁ ከሆነ ቀጣዩን ስብሰባ አይጥሩ፤ መጀመሪያ ይጠይቋቸው።

አንድ የቀረኝ አለ፤ በአራት ወር ተስፋ መቁረጥዎ። የእኛ ሙያ ለዚህ ጥሩ ቁጥር አለው። ማርከስ ራይነር የተባለው የሬዮሎጂ (ቁሶች እንዴት እንደሚፈስሱ የሚጠናበት ሙያ) ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 የዲቦራ ቁጥር ብሎ የሰየመው ነው። ስሙን የወሰደው ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው፤ ነቢዪቱ ዲቦራ ተራሮች በእግዚአብሔር ፊት ፈሰሱ ብላ መዘመሯን ይዞ፣ ለሰው ዕድሜ ጠጣር የሆነው ተራራ ለእግዚአብሔር ጊዜ ፈሳሽ ነው ማለቱ ነበር። ቁጥሩ አንድ ነገር ለመላላት የሚፈጅበትን ጊዜ እርስዎ ለተመለከቱበት ጊዜ ያካፍላል። ያ ልጆች የሚጫወቱበት የሲሊኮን ሊጥ ወለል ላይ ሲወረወር እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ግን ተዘርግቶ ይገኛል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለያየው የጠበቁት ጊዜ ነው። ማኅበርም እንዲሁ ነው። የእኛን ማኅበር ልማድ ለማላላት ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል። በየዓመቱ ሊቀመንበር የሚቀይር ማኅበር ውስጥ እያንዳንዱ ሊቀመንበር «እነዚህ ሰዎች ድንጋይ ናቸው» ብሎ ይወርዳል፤ እውነቱንም ነው፣ እሱ ባየበት ጊዜ ድንጋይ ነበሩ።

ስለዚህ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ሦስት ወንበር በተርታ አስገቡ፤ ተተኪ ሊቀመንበር፣ ሊቀመንበር፣ ተሰናባች ሊቀመንበር። በየወንበሩ አንድ አንድ ዓመት። ብዙ ትልልቅ የሙያ ማኅበራት የሚሠሩት በዚህ ነው። አንድ ሰው ሦስት ዓመት ያያል፤ ሸክሙ የሚከብደው ግን የመካከለኛው ዓመት ብቻ ነው። እርስዎም ዛሬውኑ ተተኪዎን ይፈልጉ። «በአራት ወሬ?» ካሉኝ፣ አዎን፣ እንዲያውም ዘግይተዋል። የሚፈልጉትም ከሚናገሩት መካከል አይደለም፤ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ወንበር የሚያነሣውን ሰው ይዩት።

ጥያቄ፦ ዓመታዊ ጉባኤያችንን ስፖንሰር ሊያደርግ የፈለገ አንድ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ድርጅት የመክፈቻውን የ40 ደቂቃ ንግግር ለሽያጭ ኃላፊው ካልሰጣችሁ አለን። ገንዘቡ የግማሹን ወጪ ይሸፍናል። ምን እናድርግ?
*ገንዘብ ያዥ*

መልስ፦ ጠረጴዛ ስጧቸው፣ አርማቸውን በመግቢያው ስቀሉላቸው፣ ከመድረክ ስማቸውን ጠርታችሁ አመስግኗቸው። ንግግር ግን አይሸጥም። አንድ ጊዜ ሸጬ አይቼዋለሁ። ሰውየው 40ውን ደቂቃ ስለ እንክብሎቹ የዋጋ ቅናሽ ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ የተነሡት ተመራማሪዎች የተናገሩት ለባዶ ወንበር ነው። በቀጣዩ ዓመት ስፖንሰሩም ሰዉም አልመጣም።

ነገሩ ግን የኩባንያ ሰው መድረክ አይውጣ ማለት እንዳይመስልባችሁ። ፖሊኤቲሊን እ.ኤ.አ. በ1933 የተገኘው አይሲአይ የተባለው ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ናይለንን በ1935 የሠራው ካሮተርስ፣ ኬቭላር የተባለውን ጠንካራ ክር በ1965 ያገኘችው ስቴፋኒ ክዎሌክ፣ ሁለቱም የዱፖንት ኩባንያ ተቀጣሪዎች ነበሩ። ድርጅቱ ተመራማሪ ካለው የጥናቱን አጭር መግለጫ እንደማንም ሰው ይላክ፤ ፕሮግራሙን የሚያወጡት ሰዎችም እንደማንም ይመዝኑት። ገንዘብ የሚቀበለውና ተናጋሪ የሚመርጠው አንድ ሰው አይሁን። ይህንንም ብሩ ከመምጣቱ በፊት በቃለ ጉባኤ አስገቡት፤ ከመጣ በኋላ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄ፦ የሥራ አስፈጻሚ ስብሰባችን ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ የሚወሰን ነገር ግን የለም። ምክር ካለዎት?
*የደከመው*

መልስ፦ ሄንሪ ሮበርት የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1863 የአንድ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ በድንገት ተጠየቀ። እንዴት እንደሚመራ አያውቅም፤ ስብሰባው ተደበላለቀበት። በዚያ አፍሮ ብዙ ዓመት ካጠና በኋላ በ1876 ያሳተመው የስብሰባ ሥነ ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከእሱ ለእናንተ የሚበቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሐሳብ በውሳኔ መልክ ካልቀረበ ውይይት አይከፈትም። «ስለ ጉባኤው እንወያይ» የሚል አጀንዳ ሦስት ሰዓት ይበላል። «ጉባኤው በአንድ ቀን እንዲያልቅ እንወስን» የሚለው ግን ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል። ሪፖርቶች ደግሞ ቀድመው በጽሑፍ ይበተኑ፤ ሲያነቡ የሚሰማቸው ሰው ከፈለጉ ለቤተሰባቸው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በፖሊመር ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ማኅበራችን ውስጥ እንድወዳደር ጓደኞቼ ይገፋፉኛል። አማካሪዬ ግን «ጊዜ ማባከን ነው፣ ወረቀትሽን ጻፊ» ይሉኛል። ማንን ልስማ?
*የምታመነታው*

መልስ፦ እህቴ፣ አማካሪሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ዶክትሬትሽን ሳትጨርሺ ሊቀመንበር አትሁኚ፤ ጊዜሽን ይበላብሻል። ጊዜሽን የሚበላውም ስብሰባው አይደለም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ «አዳራሹ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው?» የሚለው ስልክ ነው።

ግማሽ ልክ ያልኩሽ ግን በምክንያት ነው። አማካሪሽ በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው የፖሊመሮች አሰያየም ደንቦች ከየት የመጡ ይመስልሻል? የዓለም አቀፉ የንጹሕና የተግባር ኬሚስትሪ ኅብረት የፖሊመር ክፍል ውስጥ ያሉ ፈቃደኞች፣ ከመደበኛ ሥራቸው ውጪ፣ በየቃሉ እየተከራከሩ ያወጧቸው ናቸው። መጽሔት ላይ የሚወጣውን ወረቀታቸውን የሚገመግሙትም ሰዎች ክፍያ የላቸውም። ይህን በለሆሳስ ንገሪያቸው፤ ፊት ለፊት አትከራከሪያቸው።

ላንቺ የምመርጥልሽ ማለቂያው ቀን የታወቀ ሥራ ነው፤ የጉባኤውን የፖስተር አቀራረብ ማስተባበር። ስድሳ አጭር መግለጫ ታነቢያለሽ፤ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ላቦራቶሪ የትኛው መሣሪያ እንዳለው ታውቂያለሽ። መመረቂያሽን ስትጽፊ የአንድ ናሙና ልኬት ሲጎድልሽ ለማን እንደምትደውዪ አትጨነቂም። ፖስተሮቹን ስትደረድሪ አንድ ምክር ልስጥሽ፤ በርዕስ አትደርድሪያቸው። የጎማውን ሰው ከባዮፖሊመሩ (ከሕያዋን የሚገኝ ፖሊመር) ሰው አጠገብ አቁሚው። አለበለዚያ ሁሉም ከሚያውቀው ሰው ጋር ሲያወራ ይመሻል። ደግሞ መስቀያ መርፌ ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፤ አዘጋጆቹ «አለ» ቢሉሽም አትመኛቸው።